የላጲስ ፊት

ስቱዲዮው ውስጥ ስሟን የሚያውቅ ባለቤቱ ብቻ ነበር፤ እሱም ሳይረሳው አልቀረም። ሁሉም «ላጲስ» ነው የሚላት። ሥራዋ ማጥፋት ስለሆነ ነው። ሰው ለመታወቂያ ወይም ለሠርጉ ይነሳል፤ ፎቶው ከመታተሙ አስቀድሞ መጋረጃው ጀርባ ወዳለው ኮምፒዩተር ይመጣል፤ እሷ ብጉሩን፣ ጠባሳውን፣ ዓይን ሥር የተኛውን ጥቁረት ታጠፋለች። በቀን አርባ ፊት ታጠራለች። ሰዎቹ ፎቷቸውን ሲቀበሉ «አቤት፣ ካሜራችሁ ጥሩ ነው» ይላሉ። ካሜራው እንደማንኛውም ካሜራ ነው።

የራሷ ፊት ግን ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ጠርቶ አያውቅም። አሁን ሃያ ሦስት ሆኗታል። ከግንባሯ እስከ አገጯ የበሰለው፣ ያልበሰለውና ፈርጦ ጠባሳ የሆነው ተደባልቆ ነው የሚኖረው። ባለ ስቱዲዮው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀልደኛ ነበር፤ ቀልደኛ ደግሞ አንዳንዴ ከክፉ ይብሳል።

«ላጲስ፣ ከሰው ፊት ያነሳሽው ብጉር ወዴት የሚሄድ ይመስልሻል? የትም አይሄድ፤ አንቺው ላይ ነው የሚያርፈው» ይላታል።

እሷም ትስቃለች። ሰው ሳይስቅባት ቀድማ መሳቅ የለመደች ናት።

ቤት ውስጥ እናቷና ታላቅ እህቷ አሉ። የታላቋ ፊት እንደ ተላጠ እንቁላል ነው። የመርፌ ሕክምና መማር ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀጫጭን መርፌ ቆዳ ላይ እየሰኩ የሚያክሙትን ማለት ነው። ገና ሳትመረቅ እናቷ «ሐኪሟ» ትላታለች። «ሐኪሟ መጣች፣ ውሃ ስጧት» ትላለች ማታ ስትገባ። ስጧት የምትለው ለላጲስ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

ተማሪዎቹ ለመመረቅ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ማዳን አለባቸው። መምህሩ ቁጡ ሽማግሌ ናቸው፤ በሽታውን በዕጣ ነው የሚያከፋፍሉት። አንዱ የወገብ ሕመም ደረሰው፤ አንዷ እንቅልፍ ማጣት። ታላቋ የደረሳትን ወረቀት ስትዘረጋው «ብጉር» ይላል።

«አሥራ ሁለት ቀጠሮ፣ ሁለት ፎቶ» አሉ መምህሩ። «አንዱ በፊት፣ አንዱ በኋላ። ሁለቱ ባንድ ወረቀት ላይ እኩል ሆነው ይታተማሉ። ሕመምተኛው እኔ ዘንድ አይቀርብም። ሕመምተኛ ለሐኪሙ ብሎ ይዋሻል፤ ፎቶ አይዋሽም።»

ፎቶ አይዋሽም ያሉት ከመጋረጃው ጀርባ ገብተው ስለማያውቁ ነው።

«ሩቅ ምን አስኬደኝ» አለች ታላቋ እቤት ስትገባ። «ብጉሩ እቤቴ ሞልቶ።»

እናት ሳቀች። ላጲስ ግን ቀድማ ስቃ ነበር።

የመጀመሪያውን ፎቶ ራሱ ባለ ስቱዲዮው አነሳት፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ ነጩ ግድግዳ ሥር፣ መብራቱ ሁሉ በርቶ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሌሎች ሠላሳ ፊቶች ጋር መጣላት። ልትከፍተው የፈለገችው ዳር ዳሩን ለመከርከም ብቻ ነበር። ከረከመችው። ከዚያ እጇ አገጯ ላይ ወዳለው ትልቁ ብጉር ሄደ። እሱን አነሳችው። ቀጥሎ ጉንጯን፣ ቀጥሎ ግንባሯን። ለማሰብ ጊዜ አልወሰደችም፤ ሸማኔ ክሩን እንደሚያውቀው እጇ መንገዱን ያውቃል። ስትጨርስ ማሽኑ «በነበረው ላይ ይተካ?» ብሎ ጠየቃት። በቀን አርባ ጊዜ የሚጠይቃት ነገር ነው። በቀን አርባ ጊዜ «አዎ» ትላለች።

«አዎ» ብላ ተጫነች።

ወዲያው ደነገጠች። አንዲት የማታውቃት ቆንጆ ሴት ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ታያታለች። ነገ ለእትዬ እነግራታለሁ አለች። በማግስቱ የመጀመሪያው ቀጠሮ ነበር፤ ታላቋ የእናታቸው አልጋ ላይ አጋደመቻትና በእጇ ፊቷን ነካችው። ላጲስ ልትናገር የነበረውን ረሳች። ከልጅነቷ ጀምሮ ፊቷን ሳይጸየፍ የነካት ሰው አልነበረም።

መርፌው ከፀጉር አይወፍርም። ግንባሯ ላይ፣ ጉንጯ ላይ በብጉሩ ዙሪያ፣ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል፣ ክርኗ መታጠፊያ ላይ፣ ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ። መርፌ ቦታውን ሲያገኝ ቦታው ይከብዳል። ሕመም አይደለም፤ አንድ ሰው ጣቱን ጭኖ የረሳው ዓይነት ክብደት ነው። ሐኪሙ ይኼን መጠየቅ አለበት።

«ከበደሽ?»

«ከበደኝ እትዬ።»

«ጎበዝ። በቃ፣ አሁን ግማሽ ሰዓት አይነቀልም።»

ጎበዝ ተብላም አታውቅም። ግማሹን ሰዓት ዓይኗን ጨፍና ዋለችበት።

በአራተኛው ቀጠሮ አዲስ ብጉር መውጣት አቆመ። በስምንተኛው የነበረው ከሰመ። በአሥራ ሁለተኛው ቀጠሮ ማግስት ጠዋት ደንበኞች ፀጉራቸውን የሚያበጥሩበት መስታወት ፊት ቆማ ራሷን አየች። ጠባሳው ካሜራ እስከማያየው ድረስ ደብዝዟል፤ ፊት ሆኗል።

«ላጲስ፣ ራስሽን አጠፋሽው እንዴ?» አለ ባለ ስቱዲዮው። ከዚያ ሳይስቅ ቀረ፤ ትክ ብሎ አያት። «ፎቶ አንሺያችን በወሩ መጨረሻ ይሄዳል። ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ቀን ጀምሮ አንቺ ካሜራው ጋ ቁሚ። እስከ መቼ መጋረጃ ጀርባ ትኖሪያለሽ።»

እንግዲህ ስድስት ዓመት ስትጠብቀው የኖረችው ይኼን ነበር። ፎቶ አንሺ ሰው ፊት ይቆማል፤ «ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ» ይላል፤ ሰውም ያየዋል። ከዚህ በላይ ምንም አልፈለገችም።

በዚያው ቀን ሁለተኛው ፎቶ ተነሳ። ማጥፋት አላስፈለገውም። ታላቋ ሁለቱን ባንድ ወረቀት ለማሳተም መጥታ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ወረቀቱ ከማተሚያው ወጣ። ሁለት ንጹሕ ፊት ጎን ለጎን፣ እንደ መንታ።

ታላቋ አልጮኸችም። ወረቀቱን ይዛ እቤት ድረስ ሄደች፤ እናቷ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«እጄ ነው እትዬ። ለምዶብኝ።»

«ዋናውስ?»

«በላዩ ተተካ።»

«ከዚያ ቀን ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

ላጲስ መሬት መሬት አየች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላትና ቀና አለች።

«ልመልሰው እችላለሁ እኮ። ያጠፋ እጅ መጨመርም ያውቃል። ብጉር በብጉር አደርገዋለሁ፤ ማንም አይለየውም።»

«እኔ እለየዋለሁ» አለች ታላቋ። «ሁለት ዓመት የደከምኩት በሐሰት ወረቀት ልመረቅ አይደለም። ሰው ላይ መርፌ የሚሰካ እጅ ንጹሕ መሆን አለበት።»

እናት ራሷን ነቀነቀች። ሐቀኛ ልጅ በመውለዷ ኮርታለች።

ታላቋ የእህቷን አገጭ ይዛ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችው። ግራና ቀኙን አየችው።

«ይመለሳል» አለች። «ሦስት ሳምንት ይበቃዋል።»

ላጲስ ስለ ፎቶው የምታወራ መስሏት ነበር።

«ምኑ እትዬ?»

«ብጉሩ።»

እናት ሁለቱን እያፈራረቀች አየችና ፍርዷን ሰጠች።

«ዘጠኝ ዓመት የተሸከምሽው ፊት ነው። ሦስት ሳምንት ቢጨመርበት ምን ትሆኛለሽ? የእሷ ፈተና ግን ካለፈ አለፈ።»

«የካሜራው ሥራስ እማ?»

«ካሜራ እግር የለው፤ ወዴት ይሄዳል። ደግሞ ያጠፋሽው አንቺ ነሽ። ያጠፋ ይካስ።»

«እኔ እመልስልሻለሁ» አለች ታላቋ፤ ድምጿ መርፌ ስትሰካ እንደሚለሰልሰው ለሰለሰ። «አንዴ ያጠራሁት ፊት ሁለተኛ አያቅተኝም። ፈተናው ገና ዘጠኝ ሳምንት ይቀረዋል። ሦስቱ ለብጉሩ፣ ስድስቱ ለመርፌው። ደርሼ እመልስልሻለሁ።»

ላጲስ እሺ አለች። ለምን እሺ እንዳለች የጠየቃት የለም። ምናልባት ያቺ ለስላሳ እጅ ተመልሳ እንድትነካት ፈልጋ ይሆናል።

ሳሙናውን እናት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ከሥራ ስትመለስ ታላቋ ወፍራም የፀጉር ቅባት ፊቷ ላይ ትለቀልቅና በፎጣ ታስረዋለች፤ ላጲስም እንደዚያው ሆና ዕቃ ታጥባለች። ጠዋት ጠዋት ታላቋ መስኮቱ ጋ ትወስዳትና ታያታለች፤ ገበሬ ቡቃያውን እንደሚያይ።

«ዛሬ አገጭሽ ጥሩ ነው» ትላለች። ጥሩ ያለችው ሦስት አዲስ ስለወጣ ነው። «ግንባርሽ ግን ሰንፏል። ቅባቱን ጠርገሽዋል?»

«ኧረ አልነካሁትም።»

«ውሸታም። ትራስሽ ላይ አይቼዋለሁ።»

ታላቋ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚሏት ዓይነት ነበረች። በምትማርበት ክፍል በሽተኛ ሁሉ «እጇ ማር ነው» ይላታል። ማሩ እቤት ሲደርስ ያልቃል።

ሁለት ሳምንት አልፈጀም። ፊቷ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ፤ አገጯ ሥር እንደ አተር ያበጡ፣ ሲነኩ የሚያቃጥሉ፣ ራስ የሌላቸው እብጠቶች ወጡ። የወሩ መጀመሪያ ቀን ጠዋት ባለ ስቱዲዮው ካሜራው ጋ ቆሞ ሲጠብቃት ነበር። አያትና እጁን ከካሜራው ላይ አላነሳም።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ተመለሰብኝ ጋሼ።»

«እንግዲህ...» አለ፤ ያን ቀን እንኳ አልቀለደም። «እንግዲህ ትንሽ ይቆይ። ሰው ሊነሳ መጥቶ ፊት ለፊቱ...» አልጨረሰውም። ላጲስ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። በሳምንቱ ካሜራው ጋ ሌላ ሴት ቆመች።

ሦስተኛው ሳምንት ሲሞላ ፎቶው ተነሳ። መጋረጃው ጀርባ ታላቋ ከኋላዋ ቆማ ትከሻዋን ይዛለች።

«እንዳትነኪው።»

ላጲስ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ በሌላኛው ያዘችው። ማሽኑ ጠየቀ፤ ታላቋ ራሷ መለሰችለት።

ከዚያ መርፌው እንደገና ተጀመረ፤ ያው አልጋ፣ ያው ቦታ፣ ያው ግማሽ ሰዓት።

«ከበደሽ?»

«አልከበደኝም እትዬ።»

«ይክበድሽ እንጂ» አለችና መርፌውን ገፋችው። አመማት። ሕመምና ክብደት አንድ አይደሉም፤ ታላቋ ይኼን ከእሷ በላይ ታውቃለች።

«አሁንስ?»

«ከበደኝ» አለች ላጲስ፤ ዋሸች።

በአራተኛው ቀጠሮ ለውጥ የለም። በስድስተኛው ታላቋ ጓንት አደረገች። «መግሉ ያስጠላል» አለች። በስምንተኛው «ሰውነትሽ ምቀኛ ነው፤ እኔ እንዳልመረቅ ነው የሚታገለኝ» አለቻት። በአሥራ ሁለተኛው መርፌዎቹን ነቅላ ወደ መርፌ ቆርቆሮዋ ወረወረችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው።

ከዚያ ወደ ላጲስ ዞረችና፣

«ያኛው ፎቶ አለሽ አይደል?» አለች። «ንጹሑ። ሁለተኛ ያነሱሽ።»

«አለ። ግን እሱ እኮ ከብጉራሙ ይቀድማል።»

«ተነክቷል?»

«አልተነካም። ያን ጊዜ የሚጠፋ ነገር አልነበረም።»

«ፊቱ የአንቺ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ሁለቱም እውነት ነው ታዲያ። ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

እናት ከወጥ ቤት «እውነቷን ነው» አለች።

መምህሩ ፎቶዎቹን በማጉያ መነጽር ሲያዩ ቆዩ ይባላል። «በእንዲህ ያለ ፊት ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ አይቼ አላውቅም» ብለው ፈረሙላት። ታላቋ አንደኛ ወጣች። የምስክር ወረቀቷን ይዛ ስትገባ እናቷ ደጃፍ ድረስ ወጥታ አቀፈቻት። ላጲስ ውሃ አቀረበች።

«እትዬ፣ አሁን ፈተናውም አልፏል። የእኔንስ መቼ እንጀምር?»

«አሁንማ የሕክምና ክፍል ልከፍት አይደል፣ ፋታ የለኝም።» ውሃውን ጠጥታ ብርጭቆውን መለሰችላት። «በኋላ።»

ላጲስ ብርጭቆውን ይዛ ትንሽ ቆመች። «በኋላ» የሚለውን ቃል እንደ አዲስ ነገር ሰማችው።

በሳምንቱ ታላቋ ወደ ስቱዲዮው መጣች። አዲሱ ክፍሏ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ የበር ግማሽ የሚያህል፣ ባለ መስታወት ፎቶ አዘዘች። ሁለቱ ፊቶች ጎን ለጎን፤ ከሥራቸው በትልቅ ፊደል «በፊት» እና «በኋላ» ተብሎ እንዲጻፍ።

«የትኛው የትኛው ነው?» አለ ባለ ስቱዲዮው እስክሪብቶውን ይዞ።

«ላጲስ ታውቃለች» ብላ ወጣች፤ ትቸኩል ነበር።

ላጲስ ታውቃለች። አንድ ቀን ሙሉ ሠራችው። ምንም አላጠፋችም፤ ምንም አልጨመረችም። ንጹሑን በግራ፣ ብጉራሙን በቀኝ አደረገች። ከሥራቸው በቅደም ተከተል ጻፈች። ካሜራው ራሱ መዝግቦት የነበረውን ቀንም በትንንሽ ቁጥር አኖረችበት። ማሽኑ ሲጠይቃት አንብባ፣ አስባ፣ «አዎ» አለች። ባለ ስቱዲዮው በወፍራም ወረቀት ጠቅልሎ፣ እንደተጠቀለለ ራሱ ወስዶ ሰቀለው። በፊትና በኋላውን ልብ ብሎ ያየው አይመስልም፤ እሱ የሚያየው ጥራቱን ነው።

ክፍሉ የተከፈተ ቀን ሃያ ሰው ያህል መጣ። አንድ አልጋ፣ አንድ መጋረጃ፣ የምስክር ወረቀቱ ከበሩ ትይዩ። እናት አዲስ ልብስ ለብሳለች። መምህሩ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ላጲስ የውሃ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ተሸክማ በር ሥር ቆማለች፤ «ከኋላ ሁኚ» ብላታለች እናቷ።

ታላቋ ወረቀቱን ከፎቶው ላይ ቀደደችና ሳትዞር፣ ዓይኗን ሰዉ ላይ እንደተከለች፣ እጇን ወደ ግድግዳው ዘረጋች።

«ወደዚህ እጅ በፊት እንዴት ሆና እንደመጣች፣ በኋላም እንዴት ሆና እንደሄደች ራሳችሁ ፍረዱ» አለች።

ማንም አላጨበጨበም። አንዲት ሴትዮ ጎረቤቷን በክርኗ ነካች።

«በፊትማ ቆንጆ ነበረች» አለች።

«እኔ ልወጋ ተመዝግቤ ነበር እኮ» አለ አንድ ወፍራም ሰውዬ። «እግዜር ነው ያተረፈኝ።»

ሳቁ ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት መጣ። ታላቋም አብራ ፈገግ አለች፤ ደስ ብሏቸው የሳቁ መስሏት ነበር። ከዚያ ዞረች።

መምህሩ ተነስተው ግድግዳው ሥር ሄዱ። መነጽራቸውን አደረጉና ቁጥሮቹን ድምፅ አውጥተው አነበቡ፤ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። «ይኼ ከዚህኛው ሦስት ሳምንት ይቀድማል» አሉ ለራሳቸው። ዞር ብለው ሰዉን ፈለጉ። በሩ ሥር ያለው ፊት የቀኙ ፎቶ ፊት ነው፤ እንኳን ሊጠራ፣ ብሶበታል። ሄደው ፊቷ ቆሙ።

«ጽሑፉ ተሳስቷል ልጄ?»

«አልተሳሳተም አባባ።»

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ብጉሩ በምን ተመለሰ?»

«ቅባት ተቀብቼ ነው። ለፎቶው እንዲደርስ።»

ሽማግሌው ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። ወደ በሩ ትይዩ ሄደው የምስክር ወረቀቱን ከነመስታወቱ ከምስማሩ አወረዱት፤ ብብታቸው ሥር አድርገው ወጡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸውና ተከተላቸው። ወፍራሙ ሰውዬ ሲያልፍ ከትሪው አንድ ውሃ አንስቶ ጠጣ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አላት።

ሦስቱ ብቻ ቀሩ። እናት አጠገቧ መጣች። አልመታቻትም።

«እህትሽን አጠፋሻት?» አለቻት።

«አዎ» አለች ላጲስ።

በቀን አርባ ጊዜ የምትለው ቃል ነው፤ አልከበዳትም። እናት ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ማታ እቤት እንዳትመጪ አላለቻትም፤ ነይም አላለቻትም።

ታላቋ አልጋው ላይ፣ በሽተኛ የሚጋደምበት ላይ ተቀምጣለች። እንደ ተላጠ እንቁላል የነበረው ፊቷ ዓመድ መስሏል። እጆቿ ጭኗ ላይ ተዘርግተዋል፤ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ተለያይተው፣ መርፌ የሚገባበት ቦታ ክፍት ሆኖ።

ላጲስ ትሪውን መሬት አስቀመጠች። ቀርባ አጎነበሰችና ድምጿን አለሰለሰች።

«ከበደሽ እትዬ?»

ላጲስ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ግማሽ ሰዓት አይነቀልም።